ውጤቱ ያሰብነውን አልሆነም፤ ቁጥሮቹን እናቀያይራቸው?

ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ብዙ ሰዎች የሚጽፉልዎ ስለ ትዳርና ስለ ቤተሰብ ስለሆነ የኔ ጥያቄ ለዚህ ይሆን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ሌላ የማማክረው ሰው አጣሁ።

ለባዮሎጂ ትምህርት አራት ሆነን የቡድን ሙከራ እየሠራን ነው። ጥያቄያችን «ብርሃን ቦሎቄ እንዲያድግ ይረዳል ወይ?» የሚል ነው። መላምታችን ደግሞ «ብርሃን ያገኘው ቦሎቄ ጨለማ ውስጥ ካለው የበለጠ ይረዝማል» የሚል ነበር። ሁለት ትልልቅ ኩባያዎች አፈር ሞልተን በእያንዳንዱ አምስት አምስት ፍሬ ዘራን። አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥን። አፈሩ ሲደርቅ እያየን ውኃ አጠጣን። በ14ኛው ቀን ስንለካ ግን ሁላችንም ደነገጥን። የመስኮቱ በአማካይ 8 ሴንቲ ሜትር፣ የቁም ሳጥኑ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የጨለማው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የቡድናችን መሪ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ የቅርብ ጓደኛዬ ናት። «ተሳስተናል ማለት ነው። ቁጥሮቹን እናቀያይራቸውና 15ቱን ለመስኮቱ እንስጠው። ማን ያውቃል?» አለች። አንዱ ልጅ ወዲያው ተስማማ። ሌላዋ ዝም አለች። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ «ይቅርብን» አልኩ። ጓደኛዬ ተቆጣች። «አንቺ ብቻ ነሽ ሐቀኛዋ?» አለችኝ። ባለፈው የቡድን ሥራ ዝቅተኛ ነጥብ ስላገኘን ቤቷ ብዙ ወቀሳ ደርሶባታል። አሁንም እንዳይደገም ፈርታለች። ይገባኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንደ ድሮው አታወራኝም።

የከበደኝ ሌላም ነገር አለ። እሷ ትክክል ብትሆንስ? መጽሐፋችን ተክል ለማደግ ብርሃን ያስፈልገዋል ይላል። እንግዲያው የተበላሸው የኛ ሙከራ ነው። የተበላሸ ቁጥር ይዞ ክፍል ፊት ከመቆም፣ ትክክል መሆኑ የታወቀውን መጻፍ አይሻልም? ሥራችንን የምናቀርበው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት ተማሪ


ውድ እህቴ፣

ጥያቄሽ ለዚህ ዓምድ በደንብ ይሆናል። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ያሰብኩት ስለ ጓደኛሽ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ስለ ቦሎቄው። እውነቱን ለመናገር ቦሎቄው ራሱ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

«አንቺ ብቻ ነሽ ሐቀኛዋ?» የሚለው ቃል እንደወጋሽ ይታያል። ከቅርብ ጓደኛ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አንቺ ግን ማንንም አልከሰስሽም። «ይቅርብን» ነው ያልሽው። ከሷ በላይ ነኝ የሚል ሰው እንዲህ አይናገርም። የጓደኛሽን ፍርሃት መረዳትሽን ሳይ ደግሞ ይህ ነገር ሊጠገን እንደሚችል ተሰማኝ። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ቁጥሮቹ እናውራ፤ ቁጥሮቹ ከተፈቱ ከሷ ጋር የምታወሪው ነገር ይኖርሻል።

እንዳትቀይሯቸው እለምናችኋለሁ። ይህን የምልሽ ስለ ሐቀኝነት ላስተምርሽ አይደለም፤ እሱን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የምልሽ አንድ ነገር ስለማስታውስ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ በቡድን የፔንዱለም ሙከራ ሠርተን ነበር። በክር የታሰረ ክብደት እያወዛወዝን በአንድ ዙር የሚወስድበትን ጊዜ እንለካለን። ከባዱ ከቀላሉ ቶሎ ይመላለሳል ብለን ጽፈን ነበር። ሰዓቱ ግን ለሁለቱም ያው ቁጥር ያሳየናል። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ያው ነው። በመጨረሻ ለከባዱ ከጻፍነው ጊዜ ላይ ጥቂት ጥቂት ቀንሰን አስረከብን። በሚቀጥለው ሳምንት መምህራችን የፔንዱለም ጊዜ በክሩ ርዝመት እንጂ በክብደቱ እንደማይወሰን አስተማሩን። ትክክለኛው መልስ እጃችን ላይ ነበር። በላጲስ ያጠፋነው እኛ ነን። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የናንተም ጉዳይ ተመሳሳይ ይመስለኛል። ግን አንቺ ያነሳሽውን ጥያቄ መዝለል አልፈልግም። «ሙከራችን ተበላሽቶ ቢሆንስ?» ብለሻል። በደብዳቤሽ ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። ያልተጠበቀ ውጤት ሲመጣ ተመራማሪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ከጥያቄው በኋላ በሚሠራው ላይ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመስኮቱ 15፣ የቁም ሳጥኑ 8 ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ሙከራውን ትጠራጠሩት ነበር? አፈሩን፣ ሙቀቱን፣ ማስመሪያውን ትመረምሩ ነበር? አይመስለኝም። ደስ ብሏችሁ ትጽፉት ነበር። ቁጥርን መጠራጠር ተገቢ ነው፤ ግን የሚጠረጠረው ምክንያት ተገኝቶበት መሆን አለበት። ስላልወደድነው ብቻ ከሆነ የምንሰማው የራሳችንን ድምፅ ነው፤ ቦሎቄው አልተጠየቀም።

መላምት የሚባለውም ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ውርርድ ይታያል። የተናገርሽው ከሆነ ረታሽ፣ ካልሆነ ተረታሽ። እንዲህ ካየነው ጓደኛሽ ለምን እንደደነገጠች ይገባኛል። መላምት ግን ጥያቄሽን ለፈተና በሚመች መልክ ማስቀመጫ ነው። ጥሩ መላምት የሚባለው ስህተት ከሆነ ስህተቱ ሊታይ የሚችለው ነው። «ብርሃን ለተክል ጥሩ ነገር ነው» ብትሉ ኖሮ ምንም ዓይነት ውጤት አያፈርሰውም ነበር። እናንተ ግን «ይረዝማል» አላችሁ። ርዝመት ይለካል። ስለዚህ ፈተናው ቀረበለት፤ አልቆመም። መላምታችሁ ሥራውን ሠርቷል።

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ። ሎርድ ሬይሌይ የሚባል እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1892 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የናይትሮጅን ጋዝን ክብደት በጥንቃቄ እየለካ ሳለ የማይገባ ነገር ገጠመው። ከአየር ላይ ሌሎቹን ጋዞች አስወግዶ ያገኘው ናይትሮጅን ከአሞኒያ ካገኘው ናይትሮጅን በጥቂቱ ይከብዳል። ልዩነቱ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነበር። ናይትሮጅን ያው ናይትሮጅን ነው፤ እኩል መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለች ትንሽ ልዩነት «የመለኪያ ስህተት ናት» ብሎ ማለፍ ለማንም ቀላል ነው። እሱ ግን ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ልክ እንዳንቺ ደብዳቤ ጻፈ! ኔቸር ለተባለው የሳይንስ መጽሔት፣ ነገሩ ግራ እንዳጋባው ገልጾ፣ ምክንያቱን የሚጠቁመው አንባቢ ካለ እንዲረዳው ጠየቀ።

ከዚያ ያደረገውን ደግሞ በጣም እወደዋለሁ። ልዩነቷን ለማጥፋት አልሞከረም። ሊያሳድጋት ሞከረ። ናይትሮጅኑን ሙሉ በሙሉ ከኬሚካል ብቻ በሚያገኝበት መንገድ ደግሞ ሲለካ ልዩነቱ ወደ መቶኛ ግማሽ ከፍ አለ። በአንዱ ዕቃ ውስጥ ከአየር የተገኘው 2.31 ግራም ገደማ ሲመዝን ከኬሚካል የተገኘው 2.30 ገደማ ይመዝናል። የአንድ ግራም መቶኛ ያህል መሆኑ ነው! ከኬሚስቱ ዊልያም ራምሴ ጋር ሆነው ያቺን ነገር ተከታትለው በ1894 አየር ውስጥ ማንም የማያውቀው ጋዝ እንዳለ አሳወቁ። አርጎን ነው። ከምንተነፍሰው አየር መቶኛ አንድ እጅ ሊሆን ጥቂት ብቻ ይጎድለዋል። በ1904 ሬይሌይ የፊዚክስ፣ ራምሴ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሬይሌይ ያቺን ቁጥር አስተካክሎ ቢጽፋት ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር።

ሁልጊዜ ግን ያልተጠበቀ ውጤት አዲስ ግኝት አይሆንም። ይህንንም መስማት አለብሽ። በ2011 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ኒውትሪኖ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ጉዞ ሲለካ ነበር። ቅንጣቶቹ ሰርን ከሚባለው የስዊዘርላንድ የምርምር ማዕከል ተነሥተው ጣልያን ውስጥ እስካለ ላብራቶሪ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። ልኬቱ ከብርሃን ቀድመው፣ በ60 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ፈጥነው እንደደረሱ አሳየ። ይህ ከሚታወቀው ፊዚክስ ሁሉ ጋር ይጋጫል። ቡድኑ ልኬቱን አልደበቀም፣ አላስተካከለምም። ይፋ አውጥቶ «እባካችሁ መርምሩልን» አለ። በሚቀጥለው ዓመት ምክንያቱ ታወቀ። ዋናው ጥፋት በደንብ ያልተያያዘ የፋይበር ገመድ ነበር። ስህተት ነበር፤ ግን ቁጥሩ እንዳለ ስለተቀመጠ ስህተቱ እስከ ገመዱ ድረስ ሊፈለግ ቻለ።

የናንተ 15 ሴንቲ ሜትር አርጎን ይሁን የላላ ገመድ ገና አታውቁም። ሁለቱንም ለመለየት ቁጥሩ ያስፈልጋችኋል።

እንግዲህ ወደ ኩባያዎቹ እንሂድ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሁለቱን ኩባያ አስቢያቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ብርሃን ብቻ ነበር? መስኮት ላይ ፀሐይ ስትመታ አፈሩ ይሞቃል። ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። ቁም ሳጥን ውስጥ ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም። የመስኮቱ አፈር ቶሎ ይደርቃል፤ እናንተም «ሲደርቅ እያየን» ነው ያጠጣነው ብለሻል። ስለዚህ ሁለቱ ያገኙት ውኃ እኩል መሆኑን የሚያውቅ የለም። ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተለያይተዋል፦ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ውኃ። የሙከራ ዋናው ሐሳብ የምትጠይቂውን አንድ ነገር ብቻ ለይቶ መቀየር፣ የቀረውን ሁሉ በተቻለ መጠን እኩል ማድረግ ነው። ካልሆነ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መናገር አይቻልም። ደግሞ ኩባያው አንድ አንድ ብቻ ነው። የአንዱ አፈር የተለየ ቢሆን አምስቱም ፍሬ አብረው ይነካሉ። ይህን የምነግርሽ ሥራችሁን ለማጣጣል አይደለም። የመጀመሪያ ዙር ሙከራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ጥቅሙም በሁለተኛው ዙር ምን መስተካከል እንዳለበት ማሳየቱ ነው።

አሁን ደስ ያሰኘኝን ልንገርሽ። የጨለማዎቹ ቦሎቄዎች ምን ዓይነት ቀለም ነበራቸው? ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም። እኔ ግን ልገምት። ነጣ ያሉ ወይም ቢጫ፣ ግንዳቸው ቀጭን፣ ቅጠላቸው ትንሽ። ትክክል ነኝ? ከሆነ ሙከራችሁ ምናልባት አልተበላሸም። ቦሎቄ ለመብቀል ብርሃን አይፈልግም። ፍሬው ውስጥ ስንቅ ይዞ ነው የሚነሣው። ጨለማ ውስጥ ሲሆን ገና አፈር ውስጥ እንዳለ ያህል ነው። ስለዚህ ስንቁን ቅጠል በማስፋትና አረንጓዴ በመሆን አያጠፋም። ሁሉንም ግንዱን በማስረዘም ላይ ያውለዋል፤ ብርሃን ፍለጋ ነው። ብርሃን ያገኘው ደግሞ መሮጡን ይተዋል። ግንዱን ያወፍራል፣ ቅጠሉን ይዘረጋል፣ ምግብ መሥራት ይጀምራል። የጨለማው ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል።

ስለዚህ መጽሐፋችሁም አልዋሸም፣ ቦሎቄውም አልዋሸም። ችግሩ ያለው «ማደግ» በሚለው ቃል ላይ ነው። እናንተ ማደግን በርዝመት ለካችሁት። መርዘም ግን ሁልጊዜ ማደግ አይደለም። ችግኞቹን ነቅላችሁ፣ አፈራቸውን አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ብትመዝኗቸው ሌላ መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ። ለመሆኑ ከመጀመሪያው «ምንን ብንለካ ነው ጥያቄያችን የሚመለሰው?» ብላችሁ ተወያይታችሁ ነበር? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለኔ ግን ከማስመሪያው ትክክለኛነት በላይ ነው።

እዚህ ላይ ቫን ሄልሞንትን ሳላነሣ አላልፍም፤ ነገሩ ስለ ተክል ስለሆነ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረ ሰው ነው። 200 ፓውንድ ደረቅ አፈር በትልቅ ዕቃ ውስጥ አድርጎ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። አምስት ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ 169 ፓውንድ ገደማ ሆነች። አፈሩን አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 2 አውንስ ያህል፣ ከአንድ ፓውንድ እጅግ ያነሰ ብቻ ነው። ዛፍ የሚሠራው ከአፈር ነው የሚለው የቆየ እምነት በዚህ ተናጋ። እሱ ግን «እንግዲያው ሁሉም ከውኃ ነው» ብሎ ደመደመ። ተሳስቷል። አየሩን አላሰበውም። ተክል ከአየር የሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀርቶበታል። ድምዳሜው ወደቀ፤ ልኬቱ ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። እናንተም ስለ ብርሃን የምትደመድሙት ነገር ነገ ሊስተካከል ይችላል። ያያችሁትን እንዳያችሁት ከጻፋችሁ የሚስተካከልበት መሠረት አለው።

ሦስት ሳምንት አለሽ። ቦሎቄው ደግሞ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር መሥራት ትችላላችሁ፤ ግን በዚህ ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መዘራት አለበት። እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ስድስት ተመሳሳይ ኩባያ፣ በእያንዳንዱ አምስት ፍሬ፣ አንድ ላይ የተቀላቀለ አፈር፣ እኩል ጥልቀት። ፍሬዎቹን ትልልቁን ለዚህ፣ ትንንሹን ለዚያ እንዳትመርጡ ከረጢት ውስጥ ቀላቅሎ ሳያዩ ማውጣት። የትኛው ኩባያ ወደ ጨለማ እንደሚሄድም በዕጣ ይሁን። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ አስቀምጡ። ሦስቱን በካርቶን ሸፍኑ። ሦስቱን ደግሞ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፍኗቸው፤ ያን ጊዜ «ልዩነቱ የመጣው መሸፈኑ ራሱ አየር ስለዘጋ ነው» የሚል ሰው ቢኖር መልስ አላችሁ። ውኃውን በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠን፣ ለክታችሁ ስጡ።

ከመዝራታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ የምትጽፉት ነገር አለ። ከየት እስከ የት ነው የምትለኩት? ከአፈሩ ፊት እስከ ግንዱ ጫፍ በሉ ለምሳሌ። የጎበጠውን በክር ለክታችሁ ክሩን በማስመሪያ። ያልበቀለ ፍሬ ዜሮ ተብሎ ይቆጠራል ወይስ ከአማካዩ ይወጣል? ይህን ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ከወሰናችሁት፣ ሳታውቁት የሚጠቅማችሁን ትመርጣላችሁ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባል የለ? ማስመሪያ ይዞም እንዲሁ ነው። ሰው የሚፈልገውን ቁጥር ሲያነብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ያነባል፤ ተንኮለኛ ሆኖ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ለየብቻ ለኩ፣ ሳትተያዩ ጻፉ፣ ከዚያ አስተያዩ። አማካዩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ችግኝ ቁጥር ደብተር ላይ አስፍሩ። የቅጠሉን ቀለምና ስፋትም ጻፉ። ሚዛን ካገኛችሁ በመጨረሻ አድርቃችሁ መዝኑ። የተሳሳተ የመሰላችሁን ቁጥር በላጲስ አታጥፉት። አንድ መስመር ሰርዛችሁ ከጎኑ ምክንያቱን ጻፉ።

ሌላ ፈተናም ይመጣባችኋል፤ አስቀድሜ ልንገርሽ። አንድ ሰው «በቃ መላምታችንን እንቀይረውና ከመጀመሪያው የጨለማው ይረዝማል ብለን ነበር እንበል» ይል ይሆናል። ይህ ከቁጥር መቀያየር የቀለለ ይመስላል። ግን ያው ነው። ቀስቱ ካረፈ በኋላ ዙሪያውን ዒላማ እንደመሣል ነው። አዲሱን መላምት ለሁለተኛው ዙር አስቀምጡት። «የጨለማው ይረዝማል፤ ቅጠሉ ግን ያንሳል፤ ሲደርቅም ይቀልላል» በሉ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ከዚያ ዝሩ። አሁን በእውነት ትንበያ ሆነ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ። በቡድኑ ፊት ዳግመኛ እንዳትነጋገሪያት። ብቻዋን አግኝያት። ስለ ውሸት አትጀምሪ፤ ስለ ፍርሃቷ ጀምሪ። «ነጥባችን እንዳይወርድ መፍራትሽ ይገባኛል፤ እኔም እፈራለሁ። ግን ቦሎቄው ለምን እንደረዘመ የማውቅ ይመስለኛል፤ ላሳይሽ?» በያት። ከዚያ ሁለቱን ኩባያ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪላት። ቢጫውንና አረንጓዴውን በዓይኗ ትይ። እሷ መሪ ናት፤ ሁለተኛውን ዙር እሷ ብታስተባብረው ደስ ይለኛል። የተሸነፈች ሳይሆን ነገሩን ያዳነች ሆና ትወጣለች። ምናልባት መጀመሪያ ዝም ትልሽ ይሆናል። ጊዜ ስጫት፤ ግን ከሁለት ቀን አይለፍ፤ ዘሩ ይጠብቃል። ዝም ያለችዋን ልጅም አትርሻት። ዝምታዋ ስምምነት ነው ብዬ አላምንም። «አንቺስ ምን አሰብሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አለ?

ነጥባችሁ አይቀንስም ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። የሚያርሙላችሁን መምህር አላውቃቸውም። ግን አንድ ተጨባጭ ነገር አለ፤ ለጓደኛሽም ልትነግሪያት ትችያለሽ። ቁጥሮቹ ቢቀያየሩ እንኳ ችግኞቹ አሉ። መምህሩ «እስቲ ኩባያዎቹን አምጡ» ቢሉ ረጅሞቹ ቢጫ ሆነው ይቆማሉ። ይህ ነገር ከዚህ በፊት ክፍል ውስጥ ያላዩት ነገር ላይሆን ይችላል፤ ብዙ የባዮሎጂ መምህራን ያውቁታል። ስለዚህ የተቀያየረው ቁጥር የሚያሳስብ እንጂ የሚያድን አይደለም።

ሁሉም እምቢ ቢሉስ? ያን ጊዜ መምህሩን ጠይቂያቸው፤ ማንንም ሳትከሺ። «ውጤታችን ከመላምታችን ተቃራኒ ወጣ፤ እንዴት ብናቀርበው ይሻላል?» ማለት ብቻ ይበቃል። የተማሪ ጥያቄ ነው። መልሱን ለቡድኑ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ይህም ካልሠራ ከባዱ ቦታ ላይ ትደርሻለሽ፤ ያልተለካ ቁጥር በስምሽ እንዲነበብ ትፈቅጃለሽ ወይስ አትፈቅጅም የሚለው ላይ። እሱን እኔ ልወስንልሽ አልችልም። በራስሽ እጅ የተጻፈውን የመጀመሪያውን ልኬት ግን በደህና አስቀምጪው። ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ስትጽፉ ሁለቱንም ዙር አቅርቡ። ምን እንደገመታችሁ፣ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንደተጠራጠራችሁ፣ ሁለተኛውን ዙር እንዴት እንዳስተካከላችሁ። «ስህተታችን» ብላችሁ አንገት አትድፉ። «በመጀመሪያው ዙር ብርሃን፣ ሙቀትና ውኃ አብረው ስለተለያዩ ከነሱ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልንም» በሉ። «አረጋገጥን» ከማለትም ተጠንቀቁ። ሠላሳ ፍሬ የሚናገረው ስለ ሠላሳ ፍሬ ነው፤ «በሙከራችን ይህን አየን» ይበቃል። ሁሉም ዘር እንደ ቦሎቄ እንዳይመስላችሁም፤ ለመብቀል ብርሃን የሚፈልጉ ዘሮች አሉ፣ አንዳንድ የሰላጣ ዘሮች ለምሳሌ።

ጓደኛሽ ኩባያዎቹን ስታይ ምን እንዳለች ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ዙር ሲለካም የሠላሳውንም ፍሬ ቁጥር ላኪልኝ። ያልበቀሉትንም ጨምረሽ።